ዘመንና የሚያቀዘቅዘው ጋዝ

ጥር 14
እንግዶች ይዤ ገነተ ማርያም ደርሼ ተመለስኩ። ጉልበቴ አልቋል። ማታ ፍቅረኛዬ ዘመን መጣ። ከውጭ ከገባ ሳምንቱ... ጥር 25 ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባባ ሥራውን ጠየቁት። "ጋዝ ላይ ነው የምሠራ" አለ። "ሲሊንደሩን ከየት ታስመጣላችሁ?" አሉት! ሳቄን ዋጥኩ።
ኋላ ለእኔ አስረዳኝ። ጋዙን በሌዘር ብርሃን እየመቱ ያቀዘቅዙታል። በብርሃን! አስጎብኚ ነኝ እኮ... ተረት ሲነገረኝ አይጠፋኝም።

ጥር 16
እንደገና ጠየቅኩት። "ሙቀት ማለት የአተሞቹ ሩጫ ነው። ብርሃኑ ከፊት እየገፋ ያዘገያቸዋል" አለ። እሺ፣ ይሄስ ይገባል። ከዚያስ? በጣም ሲቀዘቅዝ እንደ ጠጣር በረድፍ ይደረደራል፤ ግን እንደ ፈሳሽ ይፈሳል። "አንዱን ምረጥ!" አልኩት። "ሁለቱም ነው።" "አይተኸዋል?" "ፎቶ አንስተናል" አለና ዓይኑን ሰበረ።
በሥራው የሚኮራ ሰው ዓይኑን ይሰብራል?

ጥር 18
ስልክ ተደወለለት። ጓሮ ወጣ። በሚሠራበት አገር ቋንቋ፣ በሹክሹክታ አወራ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። "የሥራ ነገር ነው" አለኝ። ሥራ በሹክሹክታ?
ለፅናት ነገርኳት፤ አብራኝ የምታስጎበኝ ጓደኛዬ ናት። "አንቺ ሞኝ፣ ሚስት አለችው! ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለች። እንቅልፍ የለኝም።

ጥር 21
ከማርያም ንግሥ ስንመለስ አፋጠጥኩት። "ሚስት አለችህ?" ሳቀ... ከዚያ አለቀሰ።
ሚስት የለችም። ጉዱ ያ ፎቶ ነው። እሱና ባልደረቦቹ የጋዙ ረድፎች ታዩ ብለው ለዓለም አሳውቀዋል። "ጋዙ ሳይኖርም ባነሳ ረድፎቹ ይታያሉ፣ ዓለሜ። ከካሜራው ነው የመጡት።" ያን ቀን የደወለለት አለቃው ነው፤ ዝም በል ይለዋል። ከተናገረ ሥራው የለም።
"ሁሉም ውሸት ነዋ?"
"ጋዙማ እውነት ነው። ሌሎች አይተውታል። የእኛ ፎቶ ነው ያላመንኩት።"
እኔ እሱን ስጠረጥር፣ እሱ ፎቶውን! ተናደድኩ፤ ምነው ቀድሞ ቢነግረኝ? ግን... ከበፊቱም ይበልጥ ወደድኩት።

ጥር 23
አጠገቤ ተቀምጦ ለአለቃው ደወለ። ስለ ፎቶው እውነቱን እንደሚናገር ጮክ ብሎ ነገረው። ሥራውን አጣ።
ሽማግሌ ለሚሆኑት ለአያ አራጋውም ነገራቸው። "ሽማግሌ ያሳምራል እንጂ አይዘረዝርም፤ ይሄን ለእኛ ተወው" አሉት። ምን ሊሉ ነው?

ጥር 25
መጡ። አባት እሺ ካላለ ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ቆመዋል። እኔ በደንቡ ጓዳ ነኝ። አያ አራጋው "ልጃችን ውጭ አገር የማይነቃነቅ ሥራ አለው" ሲሉ ሰማሁ። አባባ "ተመስገን!" አሉ። ያቺን ተመስገን አልቻልኳትም። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።
"ሥራ የለውም፣ አባባ። አልዋሽም ብሎ ነው ያጣው። እኔ እፈልገዋለሁ።"
አያ አራጋው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። አባባ እኔን አዩኝ፣ አዩኝና ወደ እነሱ ዞሩ።
"ሌላ የደበቃችሁኝ አለ?"
"የለም" አሉ አያ አራጋው፣ ቀስ ብለው።
"እንግዲያስ ተቀመጡ።"