ፊቴ ያለ ስም ቆሟል

ጥቅምት 4፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ብዕሩን የያዘችው ልጄ አስናቀች ናት። ቃሉ የእኔ፣ የአባቷ የተካ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። አርባ ዓመት በያጅ ነበርኩ። ከኮተቤ እስከ ካራ እጄ ያላረፈበት የብረት በር ጥቂት ነው። አንተ ደብተር፣ ስማ።

ትናንት እንጦጦ ወጣን። ከኪዳነ ምሕረት ቤ/ክ ወረድ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ አዲስ መናፈሻ አለ። ሐውልት ቆሞበታል። ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ማሽን። ደረቱ የሞተር ብሎክ። ጆሮው ማርሽ። አንድ ዓይኑ የመኪና መብራት። ከአፉ ማርሚታ፣ የመኪና ጭስ ማውጫ፣ ወጥቷል። ፊቱ የኔ ነው። ጉንጬ ላይ ያለው የእሳት ጠባሳ ሳይቀር፣ የኔ!

ከሥሩ ጽሑፍ አለ። አስናቀች አነበበችልኝ። «የነገው ሰው» ይላል። ቀጥሎ የቀራፂው የዳዊት ስም፣ ከነአባቱ። ከዚያ፦ ፊቱ ከአንድ ስሙ ካልታወቀ ሽማግሌ የተወሰደ።

ስሙ ያልታወቀ!

ልጃገረዶች ማርሚታው ውስጥ ጣታቸውን እየከተቱ ፎቶ ይነሳሉ። አንዷ እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ጓደኛዋን ጎሸም አደረገቻት። «ኦ ማይ ጋድ፣ ኦሪጅናሉ መጣ!» ተሳሳቁ። እኔ ቆሜያለሁ።

ጥቅምት 5

ንዴቱ አልበረደም። ይብስበታል።

ዳዊት ማለት አጥሬ ሥር ተከራይቶ የሚሠራ ልጅ ነው። ብየዳ ያስተማርኩት እኔ። ኤሌክትሮድ መያዝ አያውቅም ነበር። የብየዳው ብርሃን ዓይኑን ያቃጠለው ቀን ድንች ቆርጬ ያሰርኩለት እኔ። ሐምሌ ላይ፣ ጋሼ፣ ፊትዎን ለማስታወሻ በጄሶ ልውሰድ አለ። ተኛሁለት። ሪዜን ቫዝሊን መቀባት ረሳና ጄሶው ሲላቀቅ ግማሹን ነቅሎት ሄደ። ያኔ ሳቅሁ። አሁን የእያንዳንዷን ፀጉር ዋጋ እቀበለዋለሁ።

ስልክ ደወልኩለት። ኮንሴፕት ነው ጋሼ ይለኛል። ስም ከገባበት ሰው ሁሉ ራሱን አያይበትም አለ። ታዲያ የራሱን ስም ለምን አስገባ? ዘጋሁበት።

ጥቅምት 9፣ ከሰዓት

ሽማግሌ መጣ። የእድራችን ዳኛና የንስሐ አባቴ። ከኋላቸው ዳዊት፣ ጎንበስ ብሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ። በኛ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅህ የወደቀን ሰው አልምርም ማለት ነውር ነው። ልቤ ላላ። አልዋሽህም፣ ደብተር።

«አውርድ» ልል ስል አየሁት። ላብ የለውም። ድንጋዩ የአህያ ጭንቅላት ያክላል፤ ዳገቱን ወጥቶ ግን ትንፋሹ አልተቆራረጠም። ክብደት እኔን አያታልለኝም። ተነሳሁ። በምርኩዜ ድንጋዩን መታሁት። ቦፍ አለ። ነጭ ዱቄት አንገቱ ላይ ረገፈ።

ጄሶ! ቀለም የተቀባ ጄሶ፣ ውስጡ ባዶ!

አባ አንገታቸውን ደፉ። ዳኛው፣ አንተ ልጅ፣ እኛንም አዋረድከን አሉት። እሱ፣ ወገቤን ስለሚያመኝ ነው ይላል። ወገቡን! የሞተር ብሎክ ሲሸከም አላመመውም። ከደጄ አስወጣሁት።

ጥቅምት 10፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ቆርጫለሁ። ለሽማግሌዎቹ መልእክት ልኬላቸዋለሁ። ይቅርታ የለም።

እሑድ ግቢዬ ይምጣ። እነሱ እያዩ አግዳሚ ላይ ይጋደም። ጄሶውን የምለስነው እኔ ነኝ። ቫዝሊን የለም። ፊቱን በላሜራ ቀጥቅጬ የሽንት ቤቴ በር ላይ እበይደዋለሁ። አፍንጫው እጀታ ይሆናል። የገባ የወጣ ይጎትተው። ስሙንም አልጽፍም።

እምቢ ካለ እንጦጦ እወጣለሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ ፊቴን ቆርጬ አወርዳለሁ። ብየዳውን አይቼዋለሁ፤ እንዳስተማርኩት አይደለም። አንድ መቁረጫ ዲስክ ይበቃዋል።

አስናቀች፣ አባዬ ይብቃዎት፣ የሰው ልጅ ነው ትላለች። ጻፊ አልኳት። ትጽፋለች፣ ግን እጇ ይዘገያል። እኔ ብዙ ስናገር እሷ ጥቂት ትጭራለች። ታዝቤያለሁ። አስናቀች፣ «ምሬዋለሁ» የሚል ቃል ሸጉጠሽበት እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? ቀና በይ። ዓይኔን እያየሽ። አንብቢልኝ፣ ከመጀመሪያው፣ ጮክ ብለሽ፣ አንዲት ቃል ሳትዘልይ—