የእንቁ ድርሻ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለእንቁ፣ ቪየና።

እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ደረትሽ፣ ጉልበትሽ፣ እንቅልፍሽ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ያው ነኝ፤ ጥርሴ ሦስት ቀርቷል፣ ምላሴ ግን ሙሉ ነው። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ ስለሚያሳጣኝ ነው።

ባለፈው፣ «አባቴ ቂም ይዞብኝ ሞቶ ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ትምህርትሽን ጥለሽ ከሄድሽ ወዲያ ልጄ ክንዴ ሁለት ዓመት ሙሉ አልደወለልሽም። እንግዲህ ልናዘዝ፤ «ልጅ ናት፣ እሷ ትቅደም» እያልኩ እንዳይደውል የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱም የአባቱን ቃል አከበረ። አብረውት ያበስሉ የነበሩትን ልጠይቅልሽ ብዬ፣ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ አዲስ አበባ ሄድኩ።

ክንዴ ያበስልበት የነበረውን ምግብ ቤት ስም ማናችንም አናውቅም። የማውቀው የኦስትሪያ ምግብ እንደሚሠራበትና ግድግዳው ላይ የአጋዘን ቀንድ እንዳለ ብቻ ነው። የሚኒባሱን ረዳት «ኦስትሪያዎቹ ቤት አድርሰኝ» ስለው፣ «አባባ፣ ኦስትሪያ እኮ በአውሮፕላን ነው» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ሐሙስ የገባሁበት የጀርመን ቤት ያቀረበልኝ ቋሊማ የአሳማ ሆኖ ተገኘ። አስተናጋጁን፣ ሰማንያ ዓመት የጠበቅሁትን ሆድ በአንድ ምሳ ልታፈርስብኝ ነው ወይ አልኩት። ሳቀ፤ ክንዴን ግን አያውቀውም። ሁለተኛውም ቤት አላወቀውም።

ቀንዱን ያገኘሁት ዓርብ ነው። የክንዴን ስም ስጠራ የምሥራች የምትባል አብሳይ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጥታ ጉልበቴን ሳመች። ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው። ጾም ነውና ቅቅል ድንች በሰናፍጭ አቀረበችልኝ። ድንቹ ከእኛው አገር ከጥርባ ድንች ፊት ውሃ ነው። ሰናፍጩ ግን የሟች አያትሽ የወርቅነሽ እጅ ነው፤ ክንዴ አስለምዷቸው ኖሯል። እንባዬ ሲመጣ ሰናፍጩ ነው አልኳት። እሷም ዓይኗን እየጠረገች «አዎ፣ ዛሬ በርትቷል» አለች። እሷ ግን አልቀመሰችም።

ከዚያ ነገረችኝ። ክንዴ የጥጃውን ሥጋ በዳቦ ፍርፋሪ ለብጦ ሲጠብስ፣ በየቀኑ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ያወጣና «ይቺ የእንቁ ድርሻ ናት» ብሎ ለብቻዋ ያስቀምጣት ነበር። ታሞ እስከቀረበት ቀን ድረስ አላስታጎለም። እነሱም ልማዱን አልተዉም።

የዕለቷን ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቅዳሜ ጠዋት አውቶብሱ ደጀን ሲቆም ፈትቼ በላኋት። ቀዝቅዛ ነበር፤ በሦስት ጥርስ ቀስ ብዬ ጨረስኳት። በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ሄጄ ከእጁ አልበላሁም፣ እንቁዬ።

አክስትሽ እታለማሁ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ሰናፍጭ እልካለሁ ብላ ብልቃጥ አጥባ ሰው ትጠብቃለች። ጎረቤታችን ዓባይነህ ሰላም ብሎሻል፤ ፈረሴም ከእሱ የተሻለ ሰላምታ ልኳል።

እንግዲህ ቂም የለም፤ ድርሻሽን ግን እኔ በልቼብሻለሁ። መጥተሽ በሽማግሌ ፊት ክሰሽኝ። ብቻ ፍጠኚ፤ ተከሳሹ አርጅቷል።

አያትሽ አየነው
እንጅባራ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2015 ዓ.ም.