ሳይቦካ የተለካ ጭቃ

ማክሰኞ፣ የካቲት 6። ጠዋት 4 ሰዓት

መካኒሳ፣ ለቤት ግድግዳ የሚሆነውን ጭቃ ልፈትሽ። ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት። እንደተለመደው ሁለት ልኬት። አንደኛ፣ አፈሳሰሱ፦ ሁለቱም አፉ የተቆረጠ ጣሳ ጣውላ ላይ አቁሜ ጭቃ እሞላለሁ፤ ጣሳውን ወደ ላይ ስቤ ጭቃው የተንጣለለበትን እለካለሁ። ሁለተኛ፣ ጥንካሬው፦ አራት ክንፍ ያለው ብረት ተክዬ አዞራለሁ፤ ጭቃው ተቆርጦ ሲለቅ ንባቡን እይዛለሁ።

ውጤት፦ አይረባም። እንደ አጥሚት ተዘረጋ። ለግድግዳ አይሆንም ብዬ ፈረምኩ። በስሜ የወጣ የመጀመሪያው ሪፖርት! ኮርቻለሁ፣ ምን ልደብቅሽ ደብተሬ።

ረቡዕ፣ የካቲት 7። ከሰዓት

ወ/ሮ ዘነበች መ/ቤት ድረስ መጡ። መካኒሳ ላይ የሚሠራው የቤት ሠሪዎች ማኅበር ሊ/መንበር ናቸው። በእኔ ሪፖርት ሥራው ታግዷል። እስከ ቅዳሜ ካልተፈቀደ ቦታው ለሌላ ማኅበር ይሰጣል። ሃያ ቤተሰብ። ብሎኬት የመግዛት አቅም የላቸውም። አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ሳይንስ ነው አልኳቸው። ምን ዓይነት ድርቅና ነው የእኔ!

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ልክ መሆኔን ላሳይ ተመልሼ ሄድኩ። ጭቃ የሚያስረግጠው ጋሽ ኩማ ናሙናውን ከየት እንደወሰድኩ ጠየቀኝ። ጉድጓዱን አሳየሁት። ወገቡን ይዞ ሳቀ። ያ ለካ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የተረገጠ ነው! ጭዱ ገብቶበት፣ ተሸፍኖ ሳምንት ከርሞ፣ እንደገና ተረግጦ ነው ግድግዳ ላይ የሚወጣው።

«አንቺ ልጅ፣ ሳይቦካ ለካሽውኮ!»

አፈርኩ። ጭቃ ቤት ተወልጄ፣ በልጅነቴ የአባቴን ምርጊት በእግሬ ረግጬ! ዲፕሎማው ይሄን ሁሉ አስረሳኝ ማለት ነው?

ዓርብ፣ የካቲት 9። 10 ሰዓት

ጋሽ ኩማ ከሌላ ጉድጓድ የመረጠልኝን፣ ሳምንት የቦካውን ለካሁ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከቦኝ። ጣሳውን ሳብኩ። ቆመ! ትንሽ ጎበጥ አለ እንጂ አልፈሰሰም። ብረቱን ሳዞር እጄ ዛለ። ንባቡ ከማክሰኞው አራት እጥፍ። አላመንኩም፤ ሦስቴ ደገምኩ። ያው። ወ/ሮ ዘነበች እልልታውን አቀለጡት፤ እኔም ጭቃው መሐል ዘለልኩ። እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

መ/ቤት ስመለስ ግን አለቃዬ መላ አመጡ። መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር ብለሽ ጻፊ፣ የመ/ቤቱም ያንቺም ስም አይነካም አሉኝ። መሣሪያው ምን አደረገ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 10። ጠዋት 12½

ጻፍኩት። የማክሰኞው ናሙና የተወሰደው ካልቦካ ጭቃ ነው፤ ስህተቱ የእኔ ነው፤ የቦካው ለግድግዳ ብቁ ነው። ሙሉ ስሜ፣ ፊርማዬ። አለቃዬ የፈለጉትን ይበሉ። ቀለል ብሎኛል፤ ብቻዬን እስቃለሁ።

አንድ ነገር ጨመርኩ። «ናሙናውን የመረጠው ባለሙያ» በሚለው መስመር ላይ ኩማ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። የአባቱን ስም አላውቅም! ይሄን ሁሉ ቀን አብሬው ውዬ አልጠየቅኩትም። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ 3 ሰዓት ይከፈታል። መጀመሪያ መካኒሳ እወርዳለሁ፣ ስሙን ከነአባቱ አስሞልቼ በቀጥታ ሪፖርቱን አስገባለሁ።