እግር የሚመልስ ፍሬን

ለምወድዎ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? በሄዱበት አገር ከሚሠሩበት ከባድ ማሽን ጋር ተስማማችሁ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዘው ነው የሚነሡት? ብርዱስ? ሹራቡ በልክዎ ሆነ? ምግብስ በሰዓቱ ይበላሉ ወይስ እንደ ለመዱት ቆመው ነው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልዎት ግን ስልክ ላይ እንደምለው ዓይነት አይምሰልዎት። ስልክ ላይ እማዬ አጠገቤ ቆመው ያዳምጣሉ፤ እርስዎም ቶሎ ይደነግጣሉ። ስለዚህ ይህን ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ፤ ሳይጨርሱም ስልክ እንዳያነሡ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ደውለው «የመኪናዬ ፍሬን እንዴት ነው?» ሲሉኝ «እንደ ድንጋይ ነው» አልኩዎት። ዋሸሁዎት አባዬ። ፔዳሉ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ እንደ መርገጥ ነበር። ቁልፏን ሲሰጡኝ «ፍሬን በጆሮ አይሰማም፣ በእግር ነው የሚሰማው» ብለውኝ ነበር። እግሬስ ሰምቶ ነበር፤ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱም የሠራሁት ራሴ ነኝ። ከተመረቅኩ ሰባት ወር ሆነኝ፤ የሥራ ማመልከቻ ከመጻፍ በቀር እጄ የሚነካው ነገር አጥቶ ያሳክከዋል። አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ያለፈች መኪና ናትና የፊት ጎማዎቿ ካሊፐሮች፣ የፍሬን ሸራውን ከጎማው ጋር ከሚዞረው ዲስክ ጋር የሚያጣብቁት፣ ዝገው ተይዘው ነበር። ሁለት ያገለገሉ ገዛሁ፤ በአንድ ማዳበሪያ ከትቼ አመጣኋቸው፤ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ጎረቤታችን መካኒኩ ጎንበስ (መኪና ሥር ሲውል ወገቡ ጎብጦ የቀረው፣ ያውቁታል) በዚያ ሲያልፍ «ኢንጂነርዋ፣ ዲግሪ ፍሬን አይዝም፤ ስትጨርሺ ጥሪኝና ልየው» አለኝ። አያስፈልግም አልኩት።

ማክሰኞ ዕለት እማዬን ለዓይን ምርመራ ኮረብታው ላይ ወዳለው ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ስኳሩ የቀኝ ዓይናቸውን ከውስጥ አድምቶታል። ሐኪሟ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይሠራ አለች፤ ቀኑ ካለፈ ቀጣዩ ተራ ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ እስከዚያ ዓይኑ አይጠብቅም አለች። በአእምሮዬ ያንን እያመላለስኩ ስንመለስ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ወለል ድረስ ሄደ። ደገምኩት፤ ሄደ። ሠለስኩት፤ ትንሽ ያዘና ተወ። አንደኛ ማርሽ ስከት መኪናዋ ጮኸች፤ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብኩት። መሪውን በምን እንደ ያዝኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለውን የልብስ ሰፊውን ግድግዳ ያስታውሱታል? እሱ ጋ ቆመች። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ፤ አየን፤ ሜትሩን አወረደና በመኪናዋ አፍንጫና በግድግዳው መካከል ያለውን ለካ። «አሥራ አንድ ሳንቲም» አለ።

እማዬ ወርደው፣ አጥር አጥሩን ይዘው በእግራቸው ቤት ገቡ። ከደረስኩ በኋላ «እዚያች ውስጥ ዳግመኛ የሚገባው ሬሳዬ ነው» አሉ። በአውቶቡስ እንዳልወስዳቸው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግፊያ አይንካቸው ተብሏል። ኮንትራት መኪና እንያዝ ስላቸው ደግሞ «የባሌ መኪና ደጅ ቆማ በሰው መኪና? አልሄድም» አሉ። እርስዎ ያውቋቸዋል፤ በዚያም የለ፣ በዚህም የለ። የቀረን ዘጠኝ ቀን ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ከፍሬኑ ቧንቧ ውስጥ አየር ሳወጣ ዋልኩ። ሁለት ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ጨረስኩ። ከአየር ማስወጫዋ ብሎን የሚወጣው ጥሩ ዘይት ነው፤ አንዲት አረፋ የለችበትም፤ ፔዳሉ ግን ያው ስፖንጅ። ኩራቴን ውጬ ጎንበስ ደጃፍ ሄድኩ፤ ተቆልፏል። እህቱን ሊጠይቅ ሄዶ ማክሰኞ ነው የሚመጣው አሉኝ። አያስፈልግም ያልኩት ሰው በፈለግሁት ሳምንት ጠፋ።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወትሮው የእማዬን የስኳር መርፌ በመስኮቱ ብርሃን እያዘጋጀሁ ነበር። ሐሳቤ መኪናዋ ጋ ስለ ነበር መርፌውን ወደ ታች ዘቅዝቄ ይዤ ስገፋ እማዬ፣ በዚያ በደከመ ዓይናቸው እንኳ አይተው፣ «ምን ሆነሻል? አፉን ወደ ላይ! አየር መቼ ነው ወደ ታች የሚወርደው?» አሉኝ። እጄ ቀጥ አለ። መርፌውን ወግቻቸው፣ ቁርሳቸውን አቅርቤ፣ ሮጬ ወጣሁና መኪናዋ ሥር ተጋደምኩ። የማስወጫዋ ብሎን ወደ ላይ መሆን ሲገባት በግራም በቀኝም ወደ ታች ዞራለች። አባዬ፣ የግራውን ካሊፐር በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ገጥሜ ኖሯል። የሁለቱም ማሰሪያ ብሎን ልክ ስለ ገባ አልጠረጠርኩም። ዘይቱ ከታች ይወጣል፤ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ይስቅብኛል። አምስት ዓመት ተምሬ፣ ሁለቱን ዕቃ በአንድ ማዳበሪያ ሳልመርጥ የከተትኩ እኔ።

አቀያየርኳቸው። አየር ለማውጣት ግን አንድ ሰው ፔዳሉን መርገጥ አለበት። እማዬ ብዙ ካሰቡ በኋላ «ጎማዋን ከፈታሽ የትም አትሄድም፤ እቀመጣለሁ» ብለው በእርስዎ ወንበር ተቀመጡ። እኔ ከሥር «ይርገጡ… ይያዙ… እንዳይለቁ» እላለሁ፤ ብሎኗን ስፈታ የታፈነ አየር እንደ ተናደደ ድመት እየተፋ ወጣ። ደግመን ደጋግመን ስናደርገው ከላይ ድምፃቸው መጣ፤ «አንቺ፣ ይሄ ነገር እግሬን መለሰው»። ፔዳሉ ጠንክሮ ነበር፤ እዚያው ዘይት ውስጥ ተኝቼ አለቀስኩ።

ማክሰኞ ጎንበስ መጣና አንድ በአንድ አየ፤ ቁልቁለቱንም ራሱ ነድቶ ሦስት ጊዜ ወረደ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ዝቅ ባለ ድምፅ «በዚችው ጥፋት እኔም በወጣትነቴ የሰው አጥር አፍርሻለሁ፤ ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩት።

ሐሙስ ጠዋት እማዬ «ጎንበስ ሞክሯት የለ» ብለው ከኋላ ተቀመጡና ወጣን። ዓይናቸው ተሠራ፤ ሐኪሟ ደሙ ተጠርጓል፣ ዓይኑም ተርፏል አለች። ለመመለስ የኋላውን በር ስከፍትላቸው አልፈውኝ ሄደው ከፊት ገቡ። «የፍርሃቴ ግማሹ በፋሻ ታስሯል፤ የቀረውን ፍሬኑ ይያዘው» አሉ። ቁልቁለቱን ስንወርድ በጎን አየኋቸው፤ በቀኝ እግራቸው ወለሉን ይጫናሉ፤ እኔ ስረግጥ ይረግጣሉ፣ ስለቅ ይለቃሉ። ግርጌው ሳንደርስ በሩቁ ቆምን። ልብስ ሰፊው ወጥቶ አየን፤ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ እጁን አንሥቶ ሰላም አለን።

ይቅር ይበሉኝ አባዬ። ከእንግዲህ ስለ ፍሬኗ ሲጠይቁኝ ስልኩን ለእማዬ ነው የማቀብለው፤ እግራቸው ከአፌ ይታመናል።

አብረውት ለሚኖሩት ለአጎቴ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ማንኮራፋቱን ትንሽ ይቀንስልዎ። ለሚስቱ፣ ሾርባ እየሠራች ስለምታስታምምዎ፣ እጇን ይሳሙልኝ። አዲስ ለተወለደችው ሕፃን ጉንጯን። እማዬ «እግሬን መለሰው በዪልኝ፤ እሱ ይገባዋል» ብለዋል።

አክባሪ ልጅዎ

ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከቤትዎ
ቅዳሜ፣ ግንቦት 11 ቀን