የወንበር ሠሪዎቹ ቅሬታ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ዝናብ። የብስክሌቴ ጎማ ተንፍሷል፣ በእግር ሄድኩ። አዲሱ ትምህርት ዛሬ ተጀመረ፤ ዓይነታዊ ምርምርና የሳይንስ ፍልስፍና። ንግድ ልማር ገብቼ ፍልስፍና! አስተማሪያችን ዩተ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ «ማወቃችሁን በምን ታውቃላችሁ?» አለችን። አጠገቤ የተቀመጠው ማልተ በጆሮዬ፦ «እኔ ምሳ መድረሱን በሆዴ አውቃለሁ።» ሳቄ አመለጠኝ።

ከማልተ ጋር ተቧደንን። ሩቅ ገጠር፣ ምዕራብ ዩላንድ ውስጥ አንዲት ወንበር መሥሪያ አገኘን፤ በቅርቡ ለኮፐንሃገን ሰዎች የተሸጠች። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ፍሌሚንግ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሠራተኞቹ ፎርማናቸውን ክኑድን ይወዱታል ወይስ አይወዱትም? ቀላል ነው። ቁጥር ላይ እኔን የሚያህል የለም፤ ወሬውንም ወደ ቁጥር እቀይረዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

በጠዋት ባቡር ሄደን በማታው ተመለስን። የዩላንድ ሰው ቃል ከአፉ በጉጠት ነው የሚወጣው! ኢንገር-ሊሰ የምትባለውን፣ ወንበር ጨርቅ የምታለብሰዋን፣ «ክኑድ እንዴት ያለ አለቃ ነው?» አልኳት። «ከዚህ የባሰም አይቻለሁ።» ሽማግሌው ቬርነርም ያንኑ። ሌሎቹም ያው ናቸው... «ይሄዳል እንግዲህ»፣ «አልሞትንም»። ምስኪኖች። ምን ያህል ቢያስመርራቸው ነው?

ክኑድን ስንወጣ በሩ ላይ አየሁት። ትከሻው ላይ የእንጨት ብናኝ። «ጨረሳችሁ? በሉ፣ ዝናቡ ሳይቀድማችሁ» ብሎ ጣቢያ ድረስ በመኪናው አደረሰን።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ለመልሶቹ ሁሉ ኮድ ሰጠሁ። «ከዚህ የባሰም አይቻለሁ»... ቅሬታ። «አልሞትንም»... ቅሬታ። ግራፉ ሲያምር! ቀዩ የቅሬታ ምሰሶ ጣሪያ ነክቷል።

ዩተ አየችውና «ስንት ቀን ቆያችሁ?» አለች። «አንድ።» «አብራችኋቸው ምን በላችሁ?» በላችሁ?! ሳንድዊች ይዘን ነበር፣ ባቡር ላይ በላን። «ቆዩ እስኪ፣ ለማንም አታሳዩት» አለች። ማልተ ግን ለፍሌሚንግ ቃል ገብቷል። ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ላክ» አልኩት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ኢንገር-ሊሰ ደወለች። ፍሌሚንግ ግራፉን ለክኑድ አሳይቶታል። ክኑድ ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማንም ሳያባርረው፣ ለገና ሥራዬን እለቃለሁ ብሎ ጻፈ! «የማይፈልጉኝን ሰዎች አላስቸግርም» አለ አሉ።

«ምን ብለን ነው የሰደብነው?» አለችኝ።

«ያላችሁትን ነው የጻፍኩት።»

«እኛ ክፉ አልተናገርንም፣ ልጄ።»

ዘጋችው። መረጃው መረጃ ነው... አይደል? የተቀዳ ድምፃቸው አለኝ። ታዲያ ለምን ባር ባር ይለኛል?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ለዩተ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ተመለሺ። ምንም ጥያቄ እንዳትጠይቂ። አብረሻቸው ቁጭ ብለሽ ብዪ» አለች። ማልተ አልሄድም አለ። እሺ፣ ብቻዬን።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

የጠዋቱ ዳቦ ሰዓት። ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥቁር ዳቦ፣ አይብ፣ ፔርሙዝ። ክኑድ የለም፤ ግራፉን ካየ ወዲህ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነው የሚበላው። ኢንገር-ሊሰ ስልኳን አወጣች። የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ትናንት ተወልዳለች። ቬርነር መነጽሩን አጥልቆ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ስልኩን እየመለሰላት፦

«ከዚህ የባሰም አይቻለሁ።»

ኢንገር-ሊሰ ሽልማት እንደተሰጣት ሰው ፊቷ በራ። ዳቦዬን አስቀመጥኩ። ያ ሁሉ ቅሬታ... ያ ቀይ ምሰሶ... ሙገሳ ነበር! እነዚህ ሰዎች ከዚህ በላይ ማመስገን አያውቁም። እኔ ደግሞ በገዛ ሙገሳቸው ሰውየውን ከሥራ ላስወጣው ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ከማልተ ጋር ተጣላን።

«ግኝታችን እኮ ግራፉ ነው! እሱን ካወጣን ምን ይቀረናል?»

«እውነቱ።»

«ኧረ ባክሽ ሲልየ! ፈላስፋ ሆንሽብኝ። የጥናቱ ውስንነት የሚለው ሥር አንድ መስመር ጻፊና ገላግዪን።»

ሰው ከሥራው እየለቀቀ አንድ መስመር?! ለፍሌሚንግ ጻፍኩ፤ ግራፉ ስህተት ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነው። ለክኑድም ደወልኩ። አላመነኝም! «ቁልጭ ብሎ ተስሏል እኮ» አለ። ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ሲናገርና ሲሰማ የኖረ ሰው፣ ከገዛ ጆሮው ይልቅ የእኔን ግራፍ አመነ። ተናደድኩ። በእሱም በራሴም።

ኢንገር-ሊሰን ምን ይሻላል አልኳት። «እኛ ጋ ያጠፋ ሰው ኬክ ያመጣል። ሕግ ነው። ኬክ ከመጣ ደግሞ ክኑድም ከቢሮው መውጣቱ አይቀርም።»

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ኬኩን ጭኔ ላይ ይዤ አገር ላቋርጥ ስል፣ ማልተ ባቡር ጣቢያ ቆሞ አገኘሁት። «ብቻሽን እንዳትበዪው ብዬ ነው» አለ። ደስ አለኝ፣ አልነገርኩትም።

ሁሉም ተሰበሰቡ። ክኑድ ጥግ ይዞ ቆመ። ተነሥቼ እቅጩን ተናገርኩ፦ እነዚህ ሰዎች ሲያመሰግኑህ ነበር፣ ያልገባኝ እኔ ነኝ። ክኑድ ወለል ወለሉን እያየ፦ «ጥሩ ልጅ ነሽ። ግን እነሱ ሲሉ አልሰማሁም።»

ቬርነር አይቡ ላይ አፈጠጠ። ልናገርላቸው ነበር... ምላሴን ነከስኩ። በመጨረሻ ኢንገር-ሊሰ ሹካዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ፦

«እንወድሃለን፣ ክኑድ! ይኸው፣ ተናገርኩት! አሁን ቁጭ በልና ብላ፣ አታሳቅቀን!»

ሁሉም ቲማቲም መሰሉ። ክኑድ ጆሮው ሳይቀር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ቢላውን አነሣ፣ ኬኩን መቁረስ ጀመረ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 14

ፈተና። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፈታኝ ቀጭን ሰው ነው፤ ጥናታችንን በእርሳስ አዥጎርጉሮታል።

«ከኬኩ ቀን በፊት ክኑድን እንወድሃለን ያለው ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያው ያገኛችሁትን ራሳችሁ ፈጠራችሁት። ተመራማሪ የሚያጠናውን ነገር መለወጥ አለበት?»

ኦክቶበር ላይ ቢሆን ግራፍ እመዝበት ነበር። «መውደዱ ከእኛ በፊት ነበር፤ መናገሩ ነው አዲሱ» አልኩ። «እኛ ከገባን ደግሞ ነገሩ እንደነበረ አይቀርም። በግራፉም ለውጠነው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን መለወጣችንን አላወቅንም።» ድምፄ ንቅንቅ አላለም።

«ስለዚህ ገለልተኛነትሽን አጥተሻል።»

«አዎ» አልኩት። «ክኑድ ግን ሥራው ላይ ነው።»

ከአሥራ ሁለት ሰባት ሰጡኝ። ለማልተ አሥር። በነጥብ ሳልከራከር ከፈተና ክፍል ስወጣ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።