በክላክስ የተመረመረው የመኪናዬ ፍሬን

ሸዋ ሮቢት፣ መስከረም 27 ቀን 1994 ዓ.ም

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስላላዩት ፍሬን የሰጡትን ምስክርነት እንዲያነሡልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ ማሰቤን እገልጻለሁ። ባለፈው ሰኔ ከደጋ ወርደው በከተማችን ሦስት ቀን በሰነበቱ ጊዜ የቆላው ሙቀት ክፉኛ እንደደቆሰዎት፣ መኪና በሚመረመርበት ግቢ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ከተቀመጡበት ወንበር ለመነሣት እንኳ አቅም እንዳጡ በዓይኔ ያየሁ ሴት ነኝና፣ የአገርዎ ብርድ መልሶ እንዳበረታዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ሾፌሬ ሙሳ ግን ደኅና አይደለም። ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ፣ መንጃ ፈቃዱ ተይዞ፣ በዋስ ወጥቶ ከቤቱ ተቀምጧል፤ ጥቅምት 12 ቀን ፍርድ ቤት ይቀርባል። ጥፋቱም እርስዎ ደኅና ነው ብለው በፈረሙለት ፍሬን መኪና ማቆም አለመቻሉ ነው።

ይህንኑ ለማመልከት ሁለት ጊዜ የጣርማ በርን ዳገት ተሻግሬ ቢሮዎ ድረስ መጥቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ያለፈውን ስብሰባ ለመገምገም በተጠራ ስብሰባ ላይ። ስለዚህ ሥራዎን እንዳላውክ ብዬ ደብዳቤዬን በመናኸሪያችን በር ላይ ለጥፌዋለሁ። መንገደኛው ሁሉ እያነበበው ስለሚያልፍ አንዱ ያደርስልኛል።

ስሜን ባያስታውሱ መኪናዬን ያስታውሳሉ። ባሌ ሲሞት ትቶልኝ የሄደውን አሮጌ ላንድሮቨር ይዤ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በጀውሃና በአጣዬ መካከል ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙንና ባለ ገበያውን እያመላለስኩ እተዳደራለሁ። የሚነዳልኝ ሙሳ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱ። መኪናዋ ከአብዮቱ በፊት የተሠራች ናት። ሦስት ልጆች ወልጄ አሳድጌአለሁ፤ ሦስቱም ተደምረው የዚህችን መኪና ግማሽ አላስወጡኝም። መካኒኩ መስፍን ባሌስትራዋን ሲያስር ካምቢዮዋ ይንኳኳል፤ ካምቢዮዋን አውርዶ ሲሰቅል ራዲያተሯ ያፈሳል። አንድ ጊዜማ ሞተሯን ፈቶ ከገጠመ በኋላ የተረፉትን ብሎኖች በቲማቲም ጣሳ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ግድ የለም፣ ያለ እነዚህም ትሄዳለች» ብሎ አስረክቦኛል። ጣሳው ዛሬም አልጋዬ ሥር አለ። የመስፍንን ነገር ያነሣሁት ግን እርሱን ለመክሰስ አይደለም። እርሱ ቢያንስ እጁ ዘይት ይነካል።

ባለፈው ግንቦት ፍሬኗ መድከም ጀመረ። መስፍን ጎሚኒ የሚሉት የፍሬኑ ላስቲክ ማለቁን፣ ዕቃው ሙሉውን ከአዲስ አበባ ተገዝቶ መምጣት እንዳለበት ነገረኝና፣ ለጊዜው ብሎ ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ ቆርጦ አንድ ነገር ገጠመላት። ከዚያ ወዲያ ፍሬኑ ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ይይዝ ጀመር። ለዕቃው የሚሆን ዘጠኝ መቶ ብር ከሽንኩርት ላይ እየቆነጠርኩ አጠራቅሜ፣ ሙሳ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ጓዙን ሸክፎ ሳለ፣ እርስዎ መጡልን። አሁን ቅሬታዬንና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ ዓይንዎ ጥራት አመሰግናለሁ። ሰኔ 4 ቀን ሙሳ መኪናዋን ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ሲያቆማት፣ ሊብሬው አረንጓዴ የሚለው ቀለሟ ይህን ሁሉ ዓመት የይፋት ፀሐይ ሲመታው ኖሮ ድርቆሽ መምሰሉን፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ አዩ። ቀለም ካልተቀባች ቦሎ የለም አሉ። ፍሬኗ እንደማይዝ ልነግርዎ ጠጋ ስል ደግሞ፣ «እማማ፣ ሥራችንን እኛ እናውቃለን» ብለው፣ ማራገቢያ ባደረጉት ፋይል ወደ ኋላ እንድመለስ አመለከቱኝ። ቦሎ የሌላት መኪና መንገድ ላይ ከተያዘች ስለምትታሰር፣ ለፍሬኑ ያስቀመጥኩት ዘጠኝ መቶ ብር በሁለት ቀን ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ሆነ። ያማረ ቀለም ነበር። ዛሬ መኪናዬ በመስፍን ጋራዥ ኮፈኗ ተጨራምቶ ቆማ እንኳ ከሊብሬዋ ጋር ፍጹም ትመሳሰላለች።

2ኛ፦ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። በከተማችን ፈይሰል የሚባል፣ መኪና የሌለው፣ ነገር ግን አራት ደኅና የላንድሮቨር ጎማዎች ያሉት ሰው አለ። ጎማዎቹን በዓመት ሦስት ቀን፣ እናንተ ስትመጡ ብቻ ያከራያቸዋል፤ ለእርሱ ምርመራው እንደ አዝመራ ነው። እኔም ተከራይቻለሁ፤ አልዋሽም። ሰኔ 6 ቀን እነዚያ አራት ጎማዎች ከአጥሩ ጥግ፣ እርስዎ ፊት ለፊት፣ መኪናው በክሪክ እየተነሣ፣ ከአንዱ መኪና እየተፈቱ ሌላው ላይ እየታሰሩ፣ ሰባት ላንድሮቨር ይዘው በፊትዎ አልፈዋል። በሰባተኛው ላይ፣ «እነዚህ ጎማዎች ዛሬስ ደከማቸው» ብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ። እኛም አብረን ሳቅን። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማውም የእኔ ሳቅ ነበር።

3ኛ፦ ስለ ጆሮዎ አመሰግናለሁ። ፍሬን የሚመረመረው መኪናው ጥቂት ተነድቶ ድንገት ሲረገጥ ነው ይላል ሙሳ። ለዚህ ግን መርማሪው ከጥላ መውጣት ይኖርበታል። እርስዎ የተሻለ ዘዴ ነበረዎት። «እስቲ ክላክስ አድርግ» አሉት፤ አደረገ። «ጎሽ፣ ደኅና ናት» ብለው ከመብራት እስከ መጥረጊያ ያሉትን አሥራ አራት መስመሮች በአንድ ትንፋሽ ምልክት አደረጉባቸው። ስለ ክላክሱ አልተሳሳቱም። በአደጋው ቀን እንኳ ሳያቋርጥ ጮኋል።

4ኛ፦ ይህኛው ቅሬታ በእኔው በራሴ ላይ ነው። ረዳትዎ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ፣ «እማማ፣ አውራ ጣትዎን» ብሎ የጣት ቀለሙን ከፈተልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በማታ ትምህርት፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜዬን ሙሉ በጣቴ እየፈረምኩ፣ ምን ላይ እንደፈረምኩ ሰው እስኪነግረኝ እየጠበቅሁ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ቀለሙን ገፋ አድርጌ ብዕር ጠየቅሁ። በላይነሽ አስፋው ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። ረዳትዎ «እማማ የተማሩ ናቸው» ሲል ደስ አለኝ። ከስሜ በላይ ያሉትን መስመሮች ግን አላነበብኳቸውም፤ መጻፍ መቻሌን ለማሳየት ስቸኩል ማንበብ መቻሌን ረሳሁት። «ፍሬን፦ ተመርምሮ ደኅና» የሚለው ስድስተኛው መስመር ላይ ነው። ጉልህ ፊደል ነው፤ መነጽር እንኳ አይፈልግም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁጥር ማስቀመጥ አልችልም።

ክረምቱ የሽንኩርት ገበያ ስለሌለው የፍሬኑ ዕቃ ዋጋ እንደገና አልሞላልኝም። ሙሳ ሁለት ጊዜ ለምኖኛል። «እትዬ በላይነሽ፣ ወላሂ ይቺ መኪና አንድ ቀን ትከዳናለች፣ ትቁም» አለኝ። እኔ ምን እንዳልኩት ልንገርዎ። ጣቴን መስታወቷ ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ቀስሬ፣ «ቦሎዋን አታይም እንዴ? መንግሥት ደኅና ናት ብሏል፣ አንተ ማነህ?» አልኩት። የእርስዎን ፊርማ ከዘጠኝ ዓመት ሾፌሬ ቃል አስበልጬ አመንኩ። ይህን ያህል አክብሬዎት ነበር።

መስከረም 9 ቀን ሙሳ ከአጣዬ ገበያ አሥራ አንድ ሰው ጭኖ ሲመለስ፣ ወደ ጀውሃ ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ረገጠ፤ አልያዘም። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም ረገጠ፤ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። ድልድዩ ከገበያ በሚመለስ ሰውና አህያ ተሞልቶ ነበር። ክላክሱ እየጮኸ፣ ሰው የሚሸሽበት አጥቶ ሲተራመስ፣ ሙሳ መሪውን ለመንገድ ሥራ ወደተከመረው ጠጠር አዞረው፤ መኪናዋ ከክምሩ ላይ ወጥታ በጎኗ ወደቀች። የጀውሃዋ ቲማቲም ነጋዴ ጣይባ ጭኗ ተሰበረ። ሙሳ መሪው ጎኑን ሰበረው። የቀሩት አቧራቸውን እያራገፉ ወጡ። ድልድዩ ላይ ከነበሩት አንድም ሰው አልተነካም።

ትራፊክ ፖሊሱ ሙሳ ፍሬን እንቢ አለኝ ያለውን ጽፎ ነበር። ነገር ግን የፍሬኑ ቧንቧ በግጭቱ ስለተቆረጠ፣ ከዚያ በፊት ይሠራ እንደሆነ በማየት ማወቅ አይቻልም ተባለ፤ የሚታወቀው በወረቀት ነው ተባለ። ወረቀቱ ከቢሮዎ መጣ። ፍሬኑ ደኅና ከሆነ ደኅና ያልነበረው ሾፌሩ ነው ተብሎ፣ በፍጥነትና በቸልተኝነት ማሽከርከር የሚል ክስ ተጻፈበት። ጣይባ ከተኛችበት ሆና፣ «ሙሳን አትንኩብኝ፤ እሱ ባያዞረን ስንቱን ፈጅተን ነበር፣ አላህ ያውቃል» ብትል፣ ፖሊሱ «እናቴ፣ እርስዎ መካኒክ አይደሉም» አላት። እውነቱን ነው። በዚህ አገር ፍሬን ለማያውቅ ሰው ሥልጣን የሚሰጠው ከደጋ ሲወርድ ብቻ ነው።

ሙሳ ከተፈረደበት ወኅኒ ቤቱ ከቤቴ ሩቅ ስላልሆነ ስንቅ ማመላለስ አይከብደኝም። የሚከብደኝ ሚስቱን ሐያትን ማየት ነው። ስለ አደጋው ልነግራት ቤቷ ስሄድ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤ «ትቁም ብሎሽ አልነበር ወይ?» አለችኝ። አሁን በፊርማዬ እየመለስኩላት ነው።

ስለዚህ የተከበሩ ኃላፊ፣ የምጠይቅዎ ትንሽ ነገር ነው። ጥቅምት 12 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ቀርበው ሁለት ቃል ይናገሩ፤ «ፍሬኑን አላየሁትም» ይበሉ። ክፍሉ ጣሪያ አለው፣ ጥላ ነው፤ ወንበርም አስቀምጥልዎታለሁ። እኔ ከእርስዎ በፊት ቀርቤ ጎማ ተከራይቼ ማለፌን፣ ፍሬኑ ደካማ መሆኑን ማወቄን፣ ሙሳ ትቁም ሲለኝ ማስገደዴን እናገራለሁ፤ የሚመጣብኝንም ቅጣት እቀበላለሁ። ከቀሩት ስድስት ባለ ላንድሮቨሮች ሁለቱ አብረውኝ ሊመሰክሩ ተስማምተዋል። አራቱ ስለሚቀጥለው ዓመት ቦሎ ስለሚያስቡ ይቅርታ ጠይቀውኛል፤ አልተቀየምኳቸውም፣ ባለፈው ዓመት ብጠየቅ እኔም አምስተኛቸው ነበርኩ።

ባይመጡም ቃልዎ እንዳይጎድል፣ ይህችን ደብዳቤ ለዳኛው በራሴ አፍ አነብለታለሁ። በዝግታ ስለማነብ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል።

ላሳዩኝ ቸርነት፣ ለመኪናዬ መልክ፣ ለኒም ዛፋችንም ላበረከቱት ክብር ከልብ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎት የምመኝ፣

በላይነሽ አስፋው
(ይህን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አንብባ የፈረመች)

ግልባጭ፦
ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣
ለትራፊክ ፖሊስ፣
ለወ/ሮ ሐያት፣ ለእርሷ በቃል የሚነበብ።

ማስታወሻ፦ ፈይሰል አንድ ጉዳይ እንዳነሣልዎ ለምኖኛል። ምርመራው ባለቀ ዕለት የመሥሪያ ቤትዎ ላንድሮቨር የፊት ጎማዎቿ ተልጠው ጣርማ በርን መውጣት ስለፈራች፣ ከአራቱ ሁለቱን ለአንድ ቀን ብላ ወስዳ እስካሁን አልመለሰችም። ጥቅምት 12 ሲመጡ በእነርሱው ይምጡና ያስረክቡልን። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ግን ፍሬንዎን አንድ ጊዜ ረገጥ አድርገው ይሞክሩት። ክላክስ መኪና አያቆምም፤ እኛ ሞክረነዋል።