ከሸለምጥማጡ የተረፉት

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ስፌት። የፋሲካ ቀሚሶች ከአሁኑ መምጣት ጀምረዋል። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም "ለኔ አስቀድሚልኝ"። የማሽኑ ቀበቶ ላላ። ሰም አሸሁበት፣ ያዘ።

ትዕግስት ከባሕር ዳር ደወለች። ልጄ ሰላምታ እያሳጠረች መጥታለች። "እማ፣ ክፍሉን ቀለም አስቀባሁልሽ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ለፋሲካ እመጣለሁ። ስመለስ አብረን እንሄዳለን።" አባቷ ካረፈ ወዲህ ይኸው ነው ንግግራችን።

"ዶሮዎቹንስ ማን ይጠብቃቸዋል?" አልኳት። እንደ ሁልጊዜው።

"በዶሮ ሰበብ እዚያው መካነ ኢየሱስ ከተማ ልትቀሪ ነው በቃ!" ሳቀች።

ሰበብ ነው? ይሆናል... አምስት ሴት ዶሮና አንድ አውራ። ለምን አትሄጂም ሲሉኝ ሌላ መልስ አይመጣልኝም። አለኝ፣ ግን ቃል የለውም። ዶሮ ግን መልስ ነው። ዶሮ ሲሉት ሁሉም ይገባዋል።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ጠዋት ጓሮ ስወጣ መሬቱ ነጭ። ጥጥ የተበተነ መሰለኝ። ላባ ነው።

ሸለምጥማጥ። የዶሮ ቤቱን ጭቃ በማዕዘኑ በኩል ፈልፍሎ ገብቷል። አውራው በሩ ላይ ተዘርግቷል፣ አንገት የለውም። ሁለቱ ሴቶች ከነጭራሹ የሉም፤ ደማቸው እስከ ቁልቋሉ አጥር ድረስ ይመራል። ሦስቱ አሉ። አሉ ማለት... ገብስማዋ ጀርባዋ ተገሽልጦ ቆዳዋ እንደ ተቀደደ ኪስ ተንጠልጥሏል። ወሰራዋ ክንፏ ተሰብሯል፣ አንገቷ ላይ ጥርስ ገብቷል። ጥቁሯን ምንም አልነካትም። ጥግ ይዛ ግድግዳ ታያለች። ባነሳትም ግድግዳውን ነው የምታየው።

እትዬ ደጊቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። "ምሥራቅ! ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ላባ? ሳትጠሪን ደገስሽ?" ከዚያ ደሙን አዩ። አማተቡ። "በይ ጣያቸው። ጾሙ ባይሆን እንኳ አውሬ የሰበረው አይበላም። ምን ትሠሪባቸዋለሽ?"

"አድናቸዋለሁ።"

"ዶሮ?"

"አዎ፣ ዶሮ።"

"አልጋሽን ልቀቂላቸዋ!"

መርፌ ቀቀልኩ። ጥልፍ የምጠልፍበትን የሐር ክር ቀቀልኩ። ቁስሉን በጨው ውሃ አጠብኩ። ገብስማዋን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ በጉልበቶቼ መሃል ያዝኳት። ቆዳዋ ከማንኛውም ጨርቅ ይሳሳል፤ ክሩን ጠበቅ ካደረጉት ይቀደዳል፣ ላላ ካደረጉት ይከፈታል። እሷ ድምፅ አላሰማችም። የጮኽኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ኢዮብን አስመጣሁ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ነው። ስፌቱን ጎንበስ ብሎ አየ።

"ማን ነው የሰፋት?"

"እኔ። ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"ያስታውቃል። ጠርዙን ከፍፈውታል እኮ!"

ሳቅኩ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ጂቪ ሰጠኝ፤ ያንን ወይን ጠጅ የቁስል መድኃኒት። ዶሮ ቀይ ካየች ትወጋለች፣ የጓደኛዋን ቁስል እየቆነጠረች ትጨርሳታለች አለ። ቀይ እንዳይታይ መቀባት። ለየብቻ ማድረግ።

ሦስት እንቅብ ደፋሁ። ከያንዳንዱ ሥር አንድ ዶሮ። መኝታ ቤቴ ውስጥ። እትዬ ደጊቱ እንዳያዩ መጋረጃ አወረድኩ... ለምን? በገዛ ቤቴ!

መልሼ ሰቀልኩት።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ቅዳሴ ሄድኩ። ጂቪው በሳሙናም በሎሚም አልለቀቀኝም። እጄን ነጠላ ውስጥ ደብቄ ቆምኩ። ስንወጣ ሰላምታ መጣ፣ እጅ መዘርጋት ግድ ሆነ። እስከ አንጓዬ ወይን ጠጅ።

"ምነው ምሥራቅ? ምን ነካሽ?"

እትዬ ደጊቱ ቀደሙኝ። "ዶሮ ክርስትና እያነሳች ነው።" ሴቶቹ ሳቁ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ። አልሳቅኩም። እጄን ግን አልመለስኩም፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ጨበጥኳቸው። አንዳንዶቹ መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ይጥረጉ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ጋሼ ዋለ መጡ። የባሌ የአማረ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ እሱ ካረፈ ወዲህ የግቢው አሳቢ። ሳይቀመጡ ተናገሩ።

"ወንድ የሌለበትን ግቢ አውሬም ያውቀዋል።"

"አውሬው የገባው በማዕዘኑ ነው ጋሼ። ጭቃው ላልቶ።"

"እሱን ነው የምልሽ። ማን ይመርገዋል? ልጅሽ ክፍል አሰናድታ ትጠራሻለች። እኛ ቤቱን ለአስተማሪ እናከራየዋለን። ምን ጎደለሽ?"

ምን ጎደለኝ? እውነትም ምን? እንቅቦቹን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሩን ገርበብ አድርገው ሄዱ።

ከሰዓት ትዕግስት ደወለች። ጋሼ ዋለ ነግረዋታል ማለት ነው። "እማ፣ እንግዲህ ዶሮዎቹም አለቁ..."

"ሦስት አሉ።"

"ሦስት በሽተኛ።"

"ከዳኑስ?"

"ከዳኑ እንነጋገራለን።"

"ካልዳኑስ?"

"ካልዳኑማ ምን ሰበብ ቀረሽ?"

በዶሮ ላይ ተወራረድን? እናትና ልጅ!

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ወሰራዋ ሞተች። አንገቷ መግል ቋጥሮ ነበር፣ ከላባው ሥር አላየሁትም። ከጌሾው ሥር ቀበርኳት። ሁለት ቀሩ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ጥቁሯ አትበላም። ያልተነካችው ናት የማትበላው። ገብስማዋ በዚያ ጀርባዋ እንቅቡን ከውስጥ ትደበድባለች፣ ውጪ ትላለች። ጥቁሯ ግን ያቺው ግድግዳዋ። ሌሎቹን አውሬው ሲበላቸው አይታለች። እንዴት ይረሳል...

አማረ በሞተ ሰሞን እኔም ምንም አልተነካሁም ነበር። ሁሉም "ጠንካራ ናት" አለ።

የገብስ ዱቄት በውሃ ለወስኩ። አፏን በጣቴ እየከፈትኩ በትንሽ በትንሹ። ተፋችው። እንደገና። "ዋጪ! አንቺ እልኸኛ!" እያልኩ። እልኸኛዋ ማን እንደሆነች...

አንዱን ዋጠች።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

የፈራሁት ደረሰ። ደንበኛዬ ሰናይት ቀሚሷን ልትለካ መጣች። አንገትጌው ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ። ወይን ጠጅ፣ ጥርት ያለ። ፌስታል እጄ ላይ አስሬ እሰፋ ነበር፣ የት ላይ እንደቀደድኩት እንጃ።

አንገቱን ፈትቼ በሌላ እቀይራለሁ አልኳት። አልሰማችም። "ዶሮ ነው ወይስ ልብስ ነው የምትሰፊው?"

"ሁለቱንም።"

ይቅርታ ልል ነበር እኮ የጀመርኩት! ከአፌ የወጣው ግን ይሄ ሆነ። ቀሚሷን ጠቅልላ ወደ ሌላ ሰፊ ወሰደችው። ወሬው ነገ ገበያ ይደርሳል። ከሷ ኋላ ስንቷ ትከተላት ይሆን?

ገብስማዋን ግን ቀባኋት። ቀኗ ነበር።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ገብስማዋ እንቁላል ጣለች! ትንሽ፣ በአንድ ጎኑ ወይን ጠጅ የነካው። ስፌቱ ገጥሟል፣ ክሩን ነቅያለሁ፣ ላባዋ እንደ ጺም ማጎንቆል ጀምሯል። ጥቁሯም ራሷ ትበላለች፤ ከግድግዳው ዞራለች።

እንቁላሉን ከፊተኞቹ ጋር ጤፍ ውስጥ ቀበርኩት። ጾሙ እስኪያልቅ ይጠብቅ።

ለትዕግስት ደወልኩ። "ጣለች" አልኳት። "ማን?" አለች። ስልኩን ዘጋሁት።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ጥቁሯ ጮኸች።

እንደ ሴት አይደለም። እንደ አውራ። አንገቷን አስግጋ፣ ክንፏን መትታ። መጀመሪያ የጎረቤት መሰለኝ። ጓሮው መሃል ቆማ ደገመችው፤ ሻካራ፣ መሃሉ ላይ የሚሰበር ድምፅ።

ልጅ ሆኜ እናቴ እንዲህ የጮኸች ዶሮ ዕለቱን ስታሳርድ አይቻለሁ። የባለቤቷን ሞት ትጠራለች ይባላል። ሥጋዋን እንኳ የሚቀምስ የለም።

ኢዮብን በስልክ ጠየቅኩት። አውራ የሌለበት መንጋ ውስጥ አንዳንዴ አንዷ እንዲህ ትሆናለች አለ። ደረቴን ዳበስኩ፣ ልቤን አዳመጥኩ። ይመታል። ፈጠነ? ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚመታው? ... ሞኝ ነኝ። ግን ፈራሁ። ለማንም አልናገርም።

ለማን እደብቃለሁ? ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷታል።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

እትዬ ደጊቱ ዘንባባውን ጣታቸው ላይ እንዳሰሩ መጡ። አሁን አልቀለዱም። "ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ቀልድ የለም። ሳታድር ትታረድ።" እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። ይወዱኛል እኮ፤ ክፋቱ እሱ ነው።

የነፍስ አባቴን መምሬ ቢሆነኝን ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። "በጮኸች ትታረድ?" አልኳቸው።

"ቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ ቤት ዜማ ስንማር፣ ዜማ የሳተ ሁሉ ይታረድ ቢባል እኔም ዛሬ አልቀድስልሽም ነበር" አሉኝ።

"ገዱስ መምሬ?"

"ገድ የምታየው ዶሮዋ ናት ወይስ አንቺ?" ብለው መስቀሉን አሳለሙኝ። መልስ ነው? አላወቅኩም። አትታረድም።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ትዕግስት ትናንት ገባች። ከስታለች። ገብስማዋን ታቅፋ ጠባሳዋን ዳበሰችው፤ ባዶ ሻንጣ ይዛ መምጣቷንም አየሁ። ለኔ ልብስ።

ጠዋት ጋሼ ዋለ ቢላዋ ይዘው። በየበዓሉ የሚያርዱልኝ እሳቸው ናቸው። ሴት አታርድም። ባል የሌላት ዶሮዋንና ቢላዋዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ወንድ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። እኔም ቆሜ አውቃለሁ። ዘንድሮ ግን ዶሮ እንኳ አልገዛሁም ነበር፤ ጋሼ አንድ ቀይ አውራ ከቤታቸው አምጥተዋል። ቸርነታቸውን አልክድም።

"በመጀመሪያ ጥቁሯን" አሉ።

"ጥቁሯ አትታረድም።"

"እሷን ሳላርድ ይሄንን አላርድልሽም።"

"እንግዲያው አይታረድ።"

"በምን ልትፈስኪ ነው?"

"በእንቁላል።"

"ያለ ዶሮ? አማረ ቤት? ፋሲካን?" ወደ ትዕግስት ዞሩ። "እናትሽን ትሰሚያታለሽ?"

እስኪ ምን ትል ይሆን ብዬ አየኋት። ልጄ እግሮቿን እያየች፣ "ሽንኩርቱን ልጀምር?" አለችኝ።

ጋሼ ዋለ ቀይ አውራቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ወጡ ጣፈጠ። ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ ኮረሪማው፣ አንድም አልጎደለም። እንቁላሎቹ ብቻ። ትልቅ ሳህን ሙሉ እንቁላል።

አይመጡም ያልኳቸው ጋሼ ዋለ ሁሉ መጡ። በዓል ነው። እትዬ ደጊቱም። ጋሼ እንጀራውን ይዘው ወጡን አገላበጡ፣ ከልምድ ነው፣ በእጃቸው መፈለግ። "እግሩስ?" አሉ።

"እግሩ ጓሮ ይሄዳል" አሉ እትዬ ደጊቱ።

ትዕግስት ሳቋ አፈናት፣ ውሃ እስክንሰጣት። ጋሼ ዋለ አልሳቁም። እንቁላሉን ግን በሉ። ሁለተኛም ደገሙ። በዚያ መሃል ጥቁሯ ከጓሮ ጮኸች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም እንዳልሰማ ሆነ። እኔ ቀና ብዬ አየኋቸው። አንድ በአንድ። ጉርሻዬን ሳልውጥ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ትዕግስትን መናኸሪያ ሸኘኋት። ሻንጣውን ባዶውን ይዛ። መኪናው እስኪሞላ ቆመን።

"ዶሮዎቹ ድነዋል" አለች። "ያልኩሽን አልረሳሁም። ሰበብሽም አብሮ ድኗል ማለት ነው።"

እንዲህ ነው ማለት እችል ነበር። ዶሮዎቹ አሉ፣ አልመጣም። ትቀበለዋለች፤ ይቀልላታል። ለሷም ለኔም።

"ዶሮዎቹን ዛሬ ለእትዬ ደጊቱ ብሰጣቸውም አልመጣም" አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። "ታዲያ ምክንያትሽ ምንድን ነው?"

"የለኝም። እዚህ መኖር እፈልጋለሁ።"

"ባሌን ምን ልበለው? ልጆቹንስ? አያታችሁ ለምን ቀረች ቢሉኝ?"

"አልፈለገችም በያቸው።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። "ክፍሉን ቀለም አስቀባሁት እኮ፣ እማ።" ያን ጊዜ ልሸነፍ ነበር። ጉንጯን ያዝኩት። ከበሽታ፣ ከብቸኝነት፣ ከማይነሳ ስልክ... የምትፈራውን ሁሉ እኔም እፈራዋለሁ፤ ይህንንም ነገርኳት። ረዳቱ "ባሕር ዳር! ሞላ!" እያለ ጎተታት። በመስኮቱ እጇን አውጥታ ጣቶቼን ጨበጠች፤ መኪናው ሲነሳ ነው የለቀቀችኝ።

በእግሬ ተመለስኩ። ምን አደረግኩ? ብወድቅ ማን ያነሳኛል? ... ገበያው ጋ ስደርስ ጋሼ ዋለ ከፊቴ።

"ሄደች?"

"ሄደች።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው፣ ጋሼ።"